ጥቅምት ዜሮን ያገኘው ሰው

ይህ ለሶፍትዌር ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። የተሳቀባቸውን ቦታዎች ግን አልነካኋቸውም፤ ሳይሳቅባቸው ያለፉትንም ጭምር።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ይሰማል? ጥሩ።

የጋበዙኝ ሰዎች «ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት እንዴት አዲስ ሰው ያገኛል?» በሚል ርዕስ እንድናገር ነው የጠየቁኝ። ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም አይቶ ሊያግዘው የሚችል ሶፍትዌር ነው። ርዕሱን ስሰማ ትንሽ አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ ልንገራችሁ።

አንድ ትንሽ ፕሮጀክት አለኝ። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ ይቀይራል። በዓላትንና አጽዋማትንም ያወጣል። እንዲህ ያለ ነገር በመጻፍ የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም፤ መቶኛውም አልሆን። የኢትዮጵያ ፕሮግራመር ሁሉ በሕይወቱ አንዴ ቀን መቀየሪያ ይጽፋል። እንደ ኩፍኝ ነው፤ ሳይወጣበት ያደገ የለም።

የእኔ ግን ወጥቶ አልዳነም። ሁለት ዓመት ብቻዬን ስጠግነው ኖርኩ። ለጓደኞቼ የማወራው ሁሌ አንድ ነገር ነበር። «ሰው የለም። አበሻ መጠቀም እንጂ ማገዝ አይወድም።» ማኪያቶ ይዞ እንዲህ ማማረር ደስ ይላል።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ በስልኬ የፕሮጀክቱን ገጽ ከፍቼ ወደ ታች ወረድኩ። ሦስት ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ሰው «ይህን ለውጥ ኮዱ ውስጥ አስገቡልኝ» ብሎ የላከው ሥራ፣ አገኘሁ። ሦስቱም መልስ አላገኙም። አንዱ ሰባት ወር ሆኖታል። የላከው ልጅ ከሥሩ «የመጀመሪያዬ ነው፤ ስህተት ካለ ንገሩኝ» ብሎ ጽፏል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ «ሰላም፣ አያችሁት?» ይላል። ከዚያ ዝም።

የሚያሳፍረው፣ አይቼው ነበር። መልእክቱ ሲደርሰኝ «ቅዳሜ ረጋ ብዬ አየዋለሁ» ብያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ቅዳሜ አልፏል።

ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩለት። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሰው እንዴት ይጠራል የሚለውን ብዙ አላወራም። ፖስተርና ማስታወቂያ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አለ። እኔ ላወራ የምፈልገው የመጣው ሰው እንዴት እንደሚጠፋ ነው። ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፤ አጥፍቻለሁና።

ፋየርፎክስን የሚሠሩት ሞዚላዎች አዲስ ገቢዎቻቸውን ተከታትለው ያዩት ነገር አለ። የመጀመሪያ ሥራውን ልኮ በ48 ሰዓት ውስጥ የታየለት ሰው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው። ከ7 ቀን በላይ የጠበቀው ግን አይመለስም ማለት ይቻላል። ያ ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ኮዱም መጥፎ ላይሆን ይችላል። ጠበቀ፣ ከዚያ ሄደ።

እኛ ዘንድ ነገሩ የባሰ ይመስለኛል። እኛ ዝምታን እንደ መልስ ነው የምንወስደው። ሽማግሌ ልከህ ቤተሰቡ ዝም ካለ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሁለተኛ አትጠይቅም። ያ ልጅ ሁለተኛ መጠየቁ ራሱ ትልቅ ድፍረት ነበር። ብዙዎቹ «ሥራዬ አይረባም ማለት ነው» ብለው በዚያው ይቀራሉ፤ እናንተም መምጣታቸውን ሳታውቁ።

አሁን አንድ ልማድ አለኝ። ኮዱን ለማየት ጊዜ ባይኖረኝም በዚያው ቀን አንድ መስመር እጽፋለሁ። «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ፤ እስከ ሐሙስ አየዋለሁ።» ይኸው ነው። ሐሙስ ካልቻልኩ ሐሙስ ዕለት «አልቻልኩም» እላለሁ። ፈጣን ሰው ሆኜ አይደለም። እዚያ ማዶ ሰው እንዳለ እንዲታወቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሥራውን ስለማዘጋጀት ነው። ኦፕን ሶርስን «የእኛ ደቦ ነው» ማለት የተለመደ ነው። እኔም እል ነበር። ግን ደቦ የምንለው የሚመጡትን ሰዎች ብቻ እያሰብን ነው። ደቦ የሚጠራው ገበሬ ምን እንደሚያደርግ አስቡ። ጠላው ቀድሞ ተጠምቋል። እንጀራው ሌሊት ተጋግሯል። የትኛው ማሳ፣ ከየት እስከ የት እንደሚታጨድ ይታወቃል። ሠላሳ ሰው ማጭድ ይዞ መጥቶ «የቱን እንጨድ?» እያለ ድንበር ላይ ቢውል በሚቀጥለው ዓመት ማን ይመጣለታል?

በዚህ በኩል ጥሩ አድርጎ ያሳየኝ ሊብሬኦፊስ የሚባለው የቢሮ ሶፍትዌር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ ወጣ። (ቀን መቀየሪያ ያለው ሰው ያለ «እ.ኤ.አ.» አይናገርም፤ ታገሡኝ።) የወረሱት ኮድ በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር ነው። ሥሩ ደግሞ አንድ የጀርመን ኩባንያ የሠራው ስታርኦፊስ ነው። ስለዚህ በኮዱ መሀል ያሉት ማስታወሻዎች ብዙዎቹ በጀርመንኛ ነበሩ። አዲስ ሰው ገብቶ ሲያይ ኮዱም አይገባውም፤ ኮዱን የሚያስረዳው ማስታወሻም አይገባውም።

ምን አደረጉ? ቀላል ሥራዎችን ለይተው ዘረዘሩ። አንዱ ሥራ የጀርመንኛውን ማስታወሻ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ነበር። ይህን ለመሥራት ኮዱ የተጻፈበትን ቋንቋ፣ ሲ ፕላስ ፕላስን፣ ማወቅ አያስፈልግም። ጀርመንኛ ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። ሌላው ማንም የማይጠራውን የሞተ ኮድ ፈልጎ ማውጣት ነበር። የትርጉሙ ሥራ ብልሃት የት ላይ እንዳለ ተመልከቱ። አንድ ማስታወሻ የተረጎመ ሰው ኮዱን አውርዷል። ለውጡን አዘጋጅቶ ልኳል። አስተያየት ተቀብሎ አስተካክሏል። ስሙም ታሪኩ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ስህተት ለማረም ሲመጣ መንገዱን ያውቀዋል።

ብዙ ፕሮጀክት «ለጀማሪ የሚሆን» የሚል ምልክት ሥራዎቹ ላይ ይለጥፋል። ጥሩ ነው። እኔም ለጥፌ ነበር። የጻፍኩት «ጳጉሜን ላይ ችግር አለ፣ አስተካክሉ» የሚል ነበር። ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። ማን ይነካዋል? ምን ችግር? የት?

እንደገና ጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦ «ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሲገባ እንደ መስከረም 1 ቆጥሮ ነው የሚቀይረው። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን እንደሚሆን ኮዱ ረስቷል። ስህተቱ በዚህ ፋይል፣ በዚህ መስመር አካባቢ ነው። ስትጨርሱ ይህን ትእዛዝ አስኪዱ፤ አረንጓዴ ካሳየ አልቋል።» በሦስተኛው ቀን አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አስተካክላ ላከችው።

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። ያንን መግለጫ ለመጻፍ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ስህተቱን ራሴ ባስተካክለው አሥር ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ ሂሳቡ የት አለ?» ይላል። ሂሳቡ ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ ሦስት ተጨማሪ ሥራ መሥራቷ ላይ ነው። አንዱ እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ የተውኩት ነበር። እና ይቺን ምክር ያዙ፦ ትንንሹን ሥራ ራሳችሁ አትብሉት። ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ማታ ደክሟችሁ አንድ ቀላል ነገር ጨርሶ መተኛት ደስ ይላል። ግን ለአዲስ ሰው የሚሆነው ሥራ እሱ ብቻ ነው።

ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና የተጀመረበትን መልእክትም በዚህ ዓይን እንየው። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ የሚማር የ21 ዓመት ልጅ ነበር። ቀኑ ኦገስት 25፣ 1991 ነው። በእኛ ነሐሴ 19 ቀን 1983፤ ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር ገደማ። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው «ለመዝናናት የምሠራው ነው፣ ትልቅ ነገር አይሆንም» ማለቱን ነው። እኔ የሚገርመኝ ሌላው ነው። «ኑ አግዙኝ» አላለም። ሚኒክስ የሚባል ሌላ ሥርዓተ ክወና ለሚጠቀሙ ሰዎች ነው የጻፈው። የጠየቃቸውም ከሚኒክስ የሚወዱትንና የማይወዱትን እንዲነግሩት ነው። ሚኒክስን የሚጠቀም ሰው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ስለሚጠቀምበት ነገር የማያማርር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለ ሽልማት በአጭሩ። ሃክቶበርፌስት የሚባል በየኦክቶበሩ የሚካሄድ ዘመቻ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው የጀመረው። አራት ፑል ሪኩዌስት የላከ ቲሸርት ያገኝ ነበር። በ2020 ነገሩ ፈነዳ። ሰው አንዲት ቃል ጨምሮ፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቀይሮ በሺዎች ይልክ ጀመር። የፕሮጀክት ባለቤቶች ቆሻሻ ሲጠርጉ ዋሉ። አዘጋጆቹ ወሩ ገና እንደገባ ደንቡን ቀየሩ፤ ፈቃደኛ ነኝ ባለ ፕሮጀክት ላይ የተሠራ ብቻ እንዲቆጠር አደረጉ። እኔ በልጆቹ አልፈርድም። አራት ላኩ ተባሉ፣ አራት ላኩ። ቲሸርት ተባሉ፣ ቲሸርት ፈለጉ።

በገንዘብ ጥሩ የሠሩም አሉ። ጀማሪዎች እየተከፈላቸው ኦፕን ሶርስ ላይ የሚሠሩበት የጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ። አውትሪቺ የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራምም አለ። አውትሪቺን የምወደው ማመልከቻ ብቻ አይቶ ስለማይመርጥ ነው። አመልካቹ አስቀድሞ ከፕሮጀክቱ ሰዎች ጋር እውነተኛ ሥራ ይሠራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ወገን ይተያያል። እዚህ ያላችሁ ተመልከቱት፤ ከዚህም ማመልከት ይቻላል።

አሁን ጥቅምት ዜሮን ወዳገኘው ሰው፣ ወደ አንድ ዲያቆን ልምጣ።

አንድ ቀን በቴሌግራም መልእክት መጣልኝ። «ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሥራዎ ጥሩ ነው። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. መጥቅዕ አልቦ አይደለም።» ይኸው ነው። ስምም፣ ማብራሪያም የለም። መጀመሪያ የተሳሳተ ሰው ጋ የላከው መሰለኝ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጣ የቤተ ክርስቲያን ስሌት ነው፤ አልቦ ማለት ደግሞ ዜሮ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምራለህ፤ 7506 ይሆናል። ለ19 ታካፍለዋለህ፤ 1 ይተርፋል። ከተረፈው አንድ ትቀንሳለህ፤ ይህ ወንበር ይባላል። የ2006 ወንበር ዜሮ ነው። ወንበሩን በ11 ብታበዛውና ሠላሳ ሠላሳውን ብትገድፍ አበቅቴ፣ በ19 አብዝተህ እንደዚያው ብትገድፍ መጥቅዕ ታገኛለህ። መጥቅዑ የቀን ቁጥር ነው፤ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። የነነዌ ጾም መነሻው ከዚያ ነው። ፋሲካም እንደዚያው።

የእኔ ኮድ ዜሮን በ19 አባዛ። ዜሮ። ዜሮ ከ14 ያንሳል፤ ስለዚህ ጥቅምት። በቃ፣ ጥቅምት ዜሮ የሚባል ቀን ፍለጋ ሄደ። ሲያጣው ዓመቱን በሙሉ ባዶ አድርጎ ዝም አለ። የእኔን ኮድ የሚጠቀም አንድ አፕ ላይ ዲያቆኑ የ2006ን አጽዋማት ሲከፍት ያየው ባዶ ገጽ ነበር። የአፑን ባለቤት ጠይቆ ነው እኔ ጋ የደረሰው።

በሊቃውንቱ ትምህርት ወንበር አልቦ ሲሆን አበቅቴም አልቦ ነው። መጥቅዕ ግን 30 ይባላል፤ መስከረም 30 ይውላል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ኮዱን ሪቪው ያደረጉልኝ ሁለት ጎበዝ ልጆችም አያውቁም። ኮዱን የሚፈትሹት ፈተናዎች ሁሉ አረንጓዴ ነበሩ፤ 2006ን የሚነካ ፈተና ስላልነበረ።

መልሼ ጻፍኩለት። በማግስቱ በእጅ የተጻፈ ሠንጠረዥ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። የአንድ ንዑስ ቀመር፣ 19 ዓመት። ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ፤ በግዕዝ ቁጥር፣ ያለ አንድ ስርዝ። ያንን ወደ ኮድ ገልብጬ ፈተና አደረግሁት። እስካሁን ፕሮጀክቱ ካገኘው እርዳታ ሁሉ ዋጋው የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ሰውየው ኮድ አይጽፍም። ኮዱ የተቀመጠበት ድረ ገጽ፣ ጊትሃብ፣ ምን እንደሆነ አያውቅም። «ስምህን ከአበርካቾቹ ጋር ልጻፈው?» ስለው «የክርስትና ስሜን ጻፍልኝ» አለኝ። ጻፍኩት።

ያኔ ነው የፕሮጀክቱን ገጽ በእሱ ዓይን ያየሁት። መግለጫው በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። ለማገዝ አካውንት መክፈት፣ የኮድ ለውጥ የሚመዘገብበትን ጊት ማወቅ ያስፈልጋል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ በዚያ አግጃለሁ። ኮድ የሚያውቁትን ብቻ እየጠራሁ፣ የቀን ስሌት የሚያውቅ አጣሁ እላለሁ።

ስለዚህ በአማርኛ ሁለተኛ መግለጫ ጻፍኩ። «ኮድ ሳይጽፉ ለማገዝ» የሚል ክፍል አለው። ፎቶም ቢሆን ላኩ ይላል። ከዚያ የመጣው ሰው ጉድ ነው። አንዱ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ሳይሆን ሁለት «፡» ደርድረን እንደምንጽፍ አሳየን። ዓይን አይለየውም፤ ለኮምፒውተር ግን «፡፡» እና «።» ሌላና ሌላ ናቸው። ፍለጋ ሁሉ ይበላሻል። ሌላዋ የኦርቶዶክስን በዓላት ብቻ ማስገባታችን ትክክል አይደለም አለች። ልክ ነበረች። ዒድንና መውሊድን ራሷ አስገባች፤ ጨረቃ ስትታይ ቀኑ ሊለወጥ እንደሚችል የሚያሳይ ምልክት ጨምራ።

ጳጉሜ ነው ጳጉሜን የሚለው ክርክር ደግሞ አለ። ኮድ ላይ ያልመጣ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ መጣ። ኅዳርና ህዳር ተከተለ። እኔ ራሴ አንድ ሌሊት ስከራከር አድሬያለሁ፤ አልጸጸትም። በመጨረሻ አንዱ ተከራካሪ ሰለቸውና ኮዱ ሁለቱንም አጻጻፍ እንዲቀበል አድርጎ ላከው። አሁን ከእኛው አንዱ ነው።

የእኛ ሰው ሌላም ጠባይ አለው። በአደባባይ አይጠይቅም፤ ኢንቦክስ ይመጣል። «ይቅርታ፣ ሞኝ ጥያቄ ነው» ብሎ ይጀምራል። እንግሊዝኛው ያሳፍረዋል። ብዙ መመሪያ «ጥያቄያችሁን በግልጽ ቦታ ጠይቁ» ይላል፤ ምክንያቱም ትክክል ነው። እኔ ግን «እዚያ ሄደህ ጠይቅ» ያልኩት ሰው በሙሉ ጠፍቷል። አሁን ኢንቦክስ እመልስለታለሁ። ከዚያ «ጥያቄህን ስምህን ሳልጠቅስ ላውጣው?» እላለሁ። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ ራሳቸው አደባባይ ይወጣሉ።

ዳታም አትርሱ። ፕሮጀክታችሁን ለመጀመር ሁለት ጊጋባይት ማውረድ የሚያስፈልግ ከሆነ ተማሪውን ገና ሳይገባ ሂሳብ አስከፍላችሁታል።

አሁን ማስፈራሪያ ላምጣ፤ አለበለዚያ ስታስቡት ትቆጡኛላችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 29፣ 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ አንድ ነገር ይፋ አደረገ። ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ነበር። ሥሩን ሲከተል ኤክስዜድ የሚባል የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ፣ ሰርጎ ገብ የሚገባበት የጓሮ በር አገኘ። የቀበረው ጂያ ታን በሚል ስም ለዓመታት በትዕግሥት ሲያግዝ የቆየ «አዲስ ሰው» ነው። ፕሮጀክቱን ብቻውን የሚይዘው ሰው ደክሞ ነበር። ሌሎች ስሞች ደግሞ «አትችለውም፣ ለሌላ ስጥ» እያሉ ይጎተጉቱት ነበር። ሰጠ።

አንዳንዱ ከዚህ «አዲስ ሰው አትመን» የሚል ትምህርት ይወስዳል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ያ የደከመው የፕሮጀክቱ ባለቤት ቀደም ብሎ ሁለት ሦስት የሚያውቃቸው ባልደረቦች ቢኖሩት ኖሮ አንድ የገፋው ሁሉ ቁልፍ አይወስድም ነበር። ብቻችሁን ሆናችሁ እስክትደክሙ አትጠብቁ። ቁልፍም ቢሆን በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። እኛ ጋ አዲስ ቅጂ የሚወጣው ሁለት ሰው ሲያየው ነው፤ እኔም ብሆን ብቻዬን አላወጣም።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

አንድ ተማሪ ከየት መጀመር እንዳለበት ጠየቀኝ። የምትጠቀምበትንና የሚያናድድህን ነገር ፈልግ አልኩት። ዲኤችአይኤስ2ን አነሳሁለት። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሚመሩት ኦፕን ሶርስ ነው። የእኛ ጤና ተቋማት መረጃ ይገባበታል። የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠርም ያውቃል። የጤና መረጃ የምታስገባ እህት ያለችው ሰው ምን እንደሚያናድዳት ይጠይቃት።

ሌላዋ ዲያቆኑ በኋላ ኮድ ተማረ ወይ ብላ ጠየቀች። አልተማረም። ባለፈው ጾም መግቢያ ግን ጽፎልኝ ነበር። «ወንድሜ፣ በ2025 ዓ.ም. ወንበሩ ተመልሶ አልቦ ይሆናል። ተዘጋጅታችኋል?» አለኝ። ፈተናው ተጽፏል። የጻፈችው ያቺ ጳጉሜንን ያስተካከለችው ልጅ ናት።